ጎንደርን ለቀረጻ ብቻ አትምጡባት

ይድረስ ለተከበራችሁ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊዎች፣ ስክሪፕት ገምጋሚዎችና ፕሮዲውሰሮች፤

ጤና ይስጥልኝ። የጣቢያውን ስም እዚህ አልጠራም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በግል ሦስት ጊዜ ጽፌላችሁ ሦስቱም መልስ ስላላገኘ ነው ነገሩን አደባባይ ያወጣሁት።

ያስጻፈኝ ባለፈው ወር ያወጣችሁት ማስታወቂያ ነው። «አዲስ ተከታታይ ድራማ እንፈልጋለን፣ በክልል የሚገኙ ጸሐፊዎች ይበረታታሉ» ይላል። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሻይ እየጠጣን አንዷ ስልኳ ላይ አገኘችውና ጮክ ብላ አነበበችልን። ደስ አለን። ከዚያ ወደ ታች ወረደች። ጸሐፊው ፈቃድ ካለው ፕሮዳክሽን ጋር መቅረብ አለበት። ስፖንሰር ይዞ መምጣት አለበት። ሦስት ክፍል ተቀርጾ፣ ኤዲት ተደርጎ፣ ያለቀለት መሆን አለበት። ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ቢሮ በአካል ይረከባል፣ በኢሜይል የመጣ አይታይም። አንብባ ስትጨርስ ከመካከላችን ትንሿ ልጅ «ታዲያ የሚበረታታው የቱ ጋ ነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ሻዩም ቀዘቀዘ።

እስቲ በእኛ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ሦስት ክፍል መቅረጽ ማለት ካሜራ፣ መብራትና ድምፅ መከራየት፣ ተዋናይ ማብላት፣ ኤዲተር መክፈል ማለት ነው። የአንድ ዓመት ገቢዬን ሰብስቤ ብሰጥ አንዱን ክፍል አይጨርስልኝም። ስፖንሰሩስ? ከተማችን ላይ ስሙ የሚጠራ ፋብሪካ ቢባል ዳሸን ቢራ ነው። የአልኮል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ደግሞ በ2011 በአዋጅ ተከልክሏል። ክልከላውን አልቃወምም፣ እንዲያውም ደግ አደረጉ። ግን የቀረን ሆቴልና ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው፤ የሆቴሉ ባለቤት ደግሞ ቱሪስት ካልመጣ ለሠራተኛው ደሞዝ የሚከፍለውም የለው። በአካል አዲስ አበባ መምጣቱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥብን ወራት እንደዚያው ቆየን። ያኔ እናንተው የጠየቃችሁኝን የድራማ ቃል ማስተካከያ በፍላሽ አድርጌ፣ መንገድ በተከፈተ ቀን፣ በማላውቀው የአውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው የላክሁት። ያ ሲሆን «በአካል ካልሆነ አንቀበልም» አላላችሁኝም።

እኛ ማን እንደሆንን ልንገራችሁ። እዚህ ጎንደር 11 ሴቶች ነን። መድረክ ላይ የቆየን አለን፣ ራዲዮ ላይ ድምፃችን የሚታወቅ አለን፣ እናንተ ጋ በቴሌቪዥን የታየን አለን፣ አራታችን እንጽፋለን። ማኅበር የለንም፣ ማህተምም የለንም። ሐሙስ ሐሙስ እየተገናኘን አንዷ የጻፈችውን ሌሎቻችን እናነባለን፣ እንጣላለን፣ ቡና ጠጥተን እንለያያለን። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ብሆንም የሁሉም ቃል አለበት። የምነግራችሁ ግን ከሁሉ የማውቀውን ነው፤ እሱም የራሴው ሕይወት ነው።

ያደግሁት ቀሃ አካባቢ ነው። እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር። መጻፍ የተማርኩት እዚያ ቤት ነው ብል ውሸት የለበትም። ከሰዓት የቤተ ክርስቲያን ተማሪው ቅራሪ ሊለምን ይመጣል፣ አመሻሽ ላይ አናጢውና ሾፌሩ ይገባሉ፣ አንዳንድ ቀን ከአዝማሪዎቹ መንደር ከቡርቧክስ የመጣ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በር ላይ ይቆማል። እዚያ ቤት ሰው ሰውን ፊት ለፊት አይሰድብም። ጠቅልሎ፣ ሰም አልብሶ ነው የሚወረውርለት። ተሰዳቢው ስቆ ጠጥቶ ይሄድና ነገሩ የሚገባው ሌሊት ተኝቶ ሲገላበጥ ነው። እናቴ አትጽፍም አታነብም ነበር፤ ግን ማን ምን ብሎ፣ ማን ምን እንደመለሰ፣ በማን ድምፅ እንደሆነ ጭምር በማግስቱ ትደግምልኝ ነበር። ዛሬ ስክሪፕት ስጽፍ መጀመሪያ ጮክ ብዬ በእሷ ድምፅ አነበዋለሁ። እሷ አፍ ላይ የማይሆን ቃል ከሆነ ይወጣል።

መድረክ ላይ የወጣሁት በ1988 ነው፣ ትምህርት ቤት፣ ሚኒ ሚዲያ። ከዚያ እንደ እኩዮቼ ሁሉ የፀረ ኤድስ ክበብ ገባሁ። የአሁን ልጆች ይህን ስንነግራቸው ይስቁብናል። በዚያ ዘመን ግን በየክፍለ ሀገሩ ብዙው ተዋናይ የወጣው ከዚያ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ቀበሌ አዳራሽ፣ አዘዞ በጄኔሬተር መብራት ሠርተናል። በቫይረሱ የተያዘችውን ሚስት ስንት ጊዜ እንደሆንኩ አላስታውስም። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን እናቴን ለብቻዋ ጠርታ «ልጅሽ እንዴት ሆነች፣ መድኃኒቱን ጀመረች?» ብላታለች። ከእናንተ ያላገኘሁት ግምገማ ይኼ ነበር።

ቴሌቪዥን ላይ የታየሁት በ1999 ነው። አራት መስመር ነበረኝ። ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ፈንድሻ ተፈንድሾ፣ ድራማው ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። ሰዉ ሊበተን ሲነሳ እናቴ «ተቀመጡ፣ እሷው ትልላችኋለች» አለች። አራቱንም መስመር ጨለማ ውስጥ ቆሜ አልኩላቸው። እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክፍል ላይ ታይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያጨበጨበልኝ ግን የለም።

መጻፍ የጀመርኩት ተናድጄ ነው። አንድ ቀረጻ ላይ ልጇ የሞተባት የጎንደር እናት ሆኜ ነበር። ስክሪፕቱ ላይ አስከሬኑ ፊት ቆሜ «በጣም አዝኛለሁ» እንድል ተጽፎልኛል። በጣም አዝኛለሁ! ይህን የሚል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። አዘጋጁን ጠርቼ «ጋሼ፣ እናት እንዲህ አትልም» አልኩት። «ታዲያ ምን ትላለች?» አለኝ። «እኔ ቆሜ? እኔ ቆሜ አንተ ትሄድ?» ብዬ ዝም አልኩ። ካሜራማኑ ካሜራውን ሳይነካ ቆሞ ያየኝ ነበር። አዘጋጁ ትንሽ አሰበና «በይ እንግዲህ የሌሎቹንም አስተካክይው» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አስተካክላለሁ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ስማችን የለም። እናንተ እዚህ መጥታችሁ በቀረጻችሁት ተከታታይ ድራማ የ19 ክፍል ቃለ ተውኔት ሌሊት ሌሊት ተቀምጬ ጽፌያለሁ። «አስተካክያለሁ» የሚለው ቃል አይገልጸውም። አንዳንዱ ትዕይንት ላይ ከዋናው ስክሪፕት የተረፈው የገጸ ባሕርያቱ ስምና «ቤት ውስጥ፣ ማታ» የሚለው ነው። የተከፈለኝ የተዋናይት ሒሳብ ብቻ ነው። እሱስ ይሁን። መጨረሻ ላይ የሚሮጠውን ስም ዝርዝር አፍጥጬ ጠበቅሁ። ምስጋናው ላይ ያደራችሁበት ሆቴል አለ። የትራፊክ ፖሊስ አለ። መኪና ያዋሰው ሰውዬ አለ። ጭራሽ «የጎንደር ከተማ ሕዝብ» አለ። እኔ የለሁም። ምናልባት ሕዝቡ ውስጥ ቆጥራችሁኝ ይሆናል።

ስደውል ያገኘሁት መልስ «አንቺ እኮ የቤት ልጅ ነሽ» የሚል ነበር። ይኼ የቤት ልጅነት እዳ ነው የሆነብን። የቤት ልጅ አይከፈላትም፣ አትጠራም፣ ስትጠይቅ ደግሞ ተለወጠች ይባላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ከተሻሻለው ጋር፣ የደራሲውን ስም የማስጠራት መብት ከገንዘቡ ለይቶ አስቀምጦታል። ገንዘቡን በውል ልትወስዱት ትችሉ ይሆናል። ስሙን ግን ረሳችሁት እንጂ አልሸጥኩላችሁም።

ሁለተኛው የአንዲት ታላቅ እህታችን ነገር ነው። ስሟን አልጠቅስም፣ እሷም አትወድም። ከእኔ በፊት መድረክ የያዘች፣ ብዙዎቻችንን መቆምና መቀመጥ ያስተማረች ሴት ናት። ሁለት ደብተር ሙሉ የድራማ ታሪክ በእጇ ጽፋ፣ የአንድ ባሏ የሞተባት ሴትና የሦስት ልጆቿን ነገር፣ እናንተ ጋ ወስዳ ሰጠች። ደረሰኝ የለም። የተቀባይ ስም የለም። «እንደውልልሻለን» ተባለች። አልተደወለም። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ባሏ የሞተባት ሴትና ሦስት ልጆቿ ቴሌቪዥን ላይ ታዩ።

ሰረቃችሁ አልልም። ባሏ የሞተባት ሴት ሞልታለች፣ ሦስት ልጅም ብርቅ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ሐሳብን አይጠብቅም፣ የሐሳቡን አገላለጽ ነው የሚጠብቀው፣ ይህን አንብቤዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደብተሮቿን መልሱልኝ ስትል «እንዲህ ያለ ነገር አልተረከብንም» ተባለች። የሰጠችው ሰው ሥራ ለቋል። ኮፒ የላትም፣ ያላት ደብተሮቹ ብቻ ነበሩ። አሁን ሐሙስ ትመጣለች፣ የእኛን ታነባለች፣ የራሷን አትጽፍም። «ልጄ፣ እጄ እንቢ አለኝ» ትላለች። አንድ የተረካቢ ቁጥር ያለበት ብጣሽ ወረቀት ብትሰጧት ኖሮ ቢያንስ የምትከራከርበት ነበራት፤ ወይም እናንተም ንጹሕ መሆናችሁን የምታሳዩበት።

ሦስተኛው የትንሿ ልጃችን ነው፣ ሻይ ቤት የጠየቀችው የዚያችው። 24 ዓመቷ ነው። እናንተ ጋ ጥሩ ሚና አግኝታ ነበር፣ ተመልካችም ወዷት ነበር፣ ገበያ ስትወጣ በገጸ ባሕርይዋ ስም ነው የሚጠሯት። ፀነሰች። ደብቃ ሁለት ወር ሠራች፣ ከዚያ ለአዘጋጁ በቅንነት ነገረችው። በሚቀጥለው ሳምንት ስክሪፕቱ ሲመጣ ገጸ ባሕርይዋ ዓረብ አገር ሄዳለች። በአንድ መስመር! «እሷማ ዱባይ ገባች» ይላል ጎረቤቷ፣ ቡና እየጠጣ፤ አለቀ። የጣቢያው ቋሚ ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደሞዟ ታርፍ ነበር። እኛ ግን በክፍል ነው የሚከፈለን። ካልታየሽ አልሠራሽም። እንደ ጸሐፊ የሚያናድደኝ ደግሞ ስንፍናው ነው። እርጉዝ ሴት እኮ ድራማ ናት! የማን ነው፣ ማን ያውቃል፣ እናቷ ምን ትላለች፣ ሰፈሩ ምን ይላል፤ አሥር ክፍል የሚያስኬድ ታሪክ እግራችሁ ሥር መጥቶላችሁ በአውሮፕላን ሸኛችሁት። ልጅቷ አሁን ልጇን አዝላ ሐሙስ ትመጣለች። ልጁ ስናነብ ካለቀሰ ትዕይንቱ ረዝሟል ማለት ነው፣ እንቆርጠዋለን።

አነጋገራችንን በተመለከተ ብዙ ማለት እችላለሁ፣ ግን ደሜን ስለሚያፈላው ባጭሩ ላድርገው። አዲስ አበባ ለኦዲሽን በመጣሁ ቁጥር «የጎንደር ልጅ ነሽ አይደል? ቃናው አለሽ» ይሉኝና የቤት ሠራተኛ ያደርጉኛል። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ሠራተኛ ሆኛለሁ። ከስድስቱ አራቷ ስም የላትም። ስክሪፕቱ ላይ «ሠራተኛ» ብቻ ነው የምትባለው። አንዱ አዘጋጅ «ትንሽ ገጠር አድርጊው» ሲለኝ «የትኛውን ገጠር?» አልኩት። ሳቀ። የምሬን ነበር የጠየቅሁት። የደምቢያና የወገራ ሰው አንድ ዓይነት አይናገርም፤ ከተማው ውስጥ እንኳ የአዘዞና የፒያሳ ሰው ለየቅል ነው። የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ሊማር መጥቶ እዚሁ የቀረ የደብተራ ልጅ አነጋገር ደግሞ ሌላ ነው። ዳኛዋም፣ ነርሷም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሯም እዚህ አገር በዚሁ አነጋገር ነው ሥራቸውን የሚሠሩት። እናንተ ጋ ግን ይህ ቃና የሚሰማው ወይ ከጓዳ ነው፣ ወይ ጠመንጃ ከያዘ ሰውዬ አፍ ነው። ወንዶቻችንን ጠመንጃ አስያዛችሁ፣ ሴቶቻችንን መጥበሻ።

የዕድሜውም ነገር አለ። ሴት 40 ካለፈች የሚጻፍላት ለቅሶና ምርቃት ነው። እኔ 46 ዓመቴ ነው፣ በቅርቡ አያት አደረጋችሁኝ። የልጅ ልጄ ሆኖ የተወነው ልጅ 27 ዓመቱ ነው፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

«ስለ ጎንደር ጻፉ» ስትሉንም ምን እንደምትፈልጉ እናውቃለን። ፋሲለደስ ከተማዋን መናገሻ ያደረጉበት 1628 ላይ ቆማችሁ ቀርታችኋል። ግንቡ፣ ካባው፣ ፈረሱ። ግንቡን እወደዋለሁ፣ የማን ልጅ ነኝና። ቁስቋምን ሳይ የእቴጌ ምንትዋብ ነገር ልቤን ይነካኛል፤ እሷን የምታህል ገጸ ባሕርይ የትም አይገኝም። ግን ከግንቡ አጥር ውጭ ሰው ይኖራል። ኪራይ የጨመረባት፣ ልጇ መተማ ሄዶ የጠፋባት፣ ዕቁቧን ሰብሳቢው የበላባት ሴት። ይህን ስንጽፍ «የጎንደር ቀለም የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ጥምቀት ሲደርስ ታዲያ ካሜራችሁን ይዛችሁ ከተፍ ትላላችሁ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በነፃ አጃቢ ይሆንላችኋል፣ ባሕረ ጥምቀቱን ከላይ በድሮን ትቀርጹና ትሄዳላችሁ።

ይህን ስል «ሴት ጸሐፊ ከየት እናምጣ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ አንዱ ፊት ለፊት ብሎኛልና። መልሱ አጭር ነው። መድረክ ላይ የሴቱን ቦታ ወንድ ነጠላ ለብሶ ይጫወት በነበረበት አገር፣ ስንዱ ገብሩ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ናቸው። አስናቀች ወርቁ ክራሩንም ትወናውንም ይዛ ዕድሜዋን ጨረሰች። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ነው፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ቤቱ የሚሰበሰብለት የነበረው «ገመና»ም የአዳነች ወልደገብርኤል ድርሰት ነው። ስለዚህ «ከየት እናምጣ» አይባልም። ሰጥታችሁት የማታውቁትን ዕድል አልተጠቀማችሁም እያላችሁን ነው።

ከቡድናችን አንዷ የሚካኤላ ኮልን ነገር አንብባ መጥታ አንድ ሐሙስ ሙሉ አወራን። እንግሊዛዊት ናት፣ ወላጆቿ ጋናውያን ናቸው። እንደኛው ራሷ ትጽፋለች ራሷ ትተውናለች። የትወና ትምህርቷን ስትጨርስ ብቻዋን የተጫወተችው ተውኔት አድጎ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። ኋላ ለሌላ ድራማዋ ኔትፍሊክስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊከፍላት ሲል ከባለቤትነቱ ጥቂት ፐርሰንት ይቅርልኝ አለች፣ አይሆንም ሲሏት ትታው ሄደች። ቢቢሲ መብቷን ጠብቆላት ተሠራ፤ በዚያው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በጸሐፊነቷ የኤሚ ሽልማት ወሰደች። ታላቅ እህታችን ታሪኩን ሰምታ «እሷስ ደብተሯን ይዛ ነው የወጣችው» አለች። እኛ ሚሊዮን ዶላር አልጠየቅንም። አንድ ፐርሰንትም አልጠየቅን።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ማስታወቂያውን አሻሽሉት። ስክሪፕት በኢሜይል ወይም እዚህ ባለው ወኪላችሁ በኩል ተቀበሉ። የታሪኩን ማጠቃለያና የመጀመሪያውን ክፍል ጽሑፍ አንብባችሁ ወስኑ፤ ተቀርጾ ያለቀ ነገር ከጸሐፊ አይጠየቅም፣ ያ የፕሮዲውሰር ሥራ ነው። ስፖንሰር መፈለግም የማርኬቲንግ ክፍላችሁ ሥራ ነው፤ እኔ ሁለት ሆሄ ሳልጽፍ በየሱቁ እየዞርኩ ብር ስለምን ብውል መቼ ልጽፍላችሁ ነው?

ለተረከባችሁት ጽሑፍ ሁሉ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ስጡ። ካልፈለጋችሁትም መልሱ። የታላቅ እህታችንን ሁለት ደብተሮች ደግሞ አንዴ ቢሮውን አገላብጣችሁ ፈልጉልን። አንዱ ሰማያዊ ሽፋን አለው፣ አንዱ ሽፋኑ ወልቋል።

ቃል የሚያስተካክል ሰው ስሙ ይጻፍ፣ ይከፈለው። ቦታው የት እንደሚሆን፣ «ተጨማሪ ቃለ ተውኔት» ይሁን ሌላ፣ እናንተ ምረጡ። ያለፉት 19 ክፍሎች በድጋሚ ሲተላለፉ የእኔ ስም ይግባበት። ኤዲተሩ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

ጎንደር ላይ ለሚቀረጽ ድራማ ኦዲሽኑ ጎንደር ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነገረን። ባለፈው ጊዜ ማክሰኞ ማታ ተደውሎ ረቡዕ ጠዋት ነበር። አጃቢ ለሚሆኑ ሰዎችም አበል ይታሰብ፣ ውኃና ዳቦ ሰጥቶ ከንጋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ማቆም ይቅር።

ቀረጻ ሳይጀመር የተጻፈ ውል እንፈልጋለን። ውሉ ላይ የተዋናይት እርግዝናና ወሊድ እንዴት እንደሚታይ ይግባ። ገጸ ባሕርይዋ ዱባይ ትግባ ከተባለም እሺ፣ የመመለሻ ትኬቷ ግን አብሮ ይጻፍ።

መልሳችሁን ከጥምቀት በፊት ብናገኝ ጥሩ ነው። እንደምትመጡ ስለምናውቅ ነው፣ የሆቴሉ ልጅ ለጥር አጋማሽ ክፍል መያዛችሁን ነግሮናል። ስትመጡ ሐሙስ ከሆነ ቡና አለ። የ26 ክፍል ስክሪፕቴም አለ፤ በደንቡ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ የእኔ ከ1000 ገጽ በላይ ሆኗል፣ ስለዚህ በአካል ይዛችሁት ትሄዱ ከሆነ ሻንጣ ያዙ። ደረሰኙን ግን አስቀድማችሁ ትፈርማላችሁ።

ስልኬ አልተቀየረም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «ይቺን መስመር አስተካክይልን» ብላችሁ የምትደውሉበት ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በጎንደር ከተማ የሚኖሩ ሴት ተዋንያንና የድራማ ጸሐፊዎችን ወክላ፣
የቴሌቪዥን ተዋናይትና የስክሪፕት ጸሐፊ
ጎንደር